ሦስተኛው ሰው እንዳይወርድ

በዚያን ቀን ጠዋት ግቢው ውስጥ የነበርነውን በስም ልጥራ። የጋራዡ ባለቤት ጋሽ ተረፈ። ገንዘብ ተቀባይዋ ጸዳለ። መካኒኩ እንዳለ። የእንዳለ ታናሽ ወንድም ሙሉጌታ፣ ላቫጆው ላይ መኪና የሚያጥበው፣ ሁላችንም ሙሌ የምንለው። የብየዳ ሠራተኛው አበራ። እና እኔ፣ ስንታየሁ፣ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ። ከአጥር ወዲያ ደግሞ ለቅሶ የተቀመጡ ጎረቤቶች ነበሩ። የእነሱን ስም ሁሉ አላውቅም፤ በኋላ ግን ብዙዎቹ አጥር ዘለው እኛ ግቢ ገብተዋል።

ጋራዡ ወሰን ሰፈር ነው፤ ከመገናኛ የሚመጣው ሚኒባስ ከሚያወርድበት ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ። ጊዜው በኢሕአዴግ ዘመን መብራት በፈረቃ የሚታደልበት ወቅት ነበር። ውሃም ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይቀራል። ስለዚህ ጋሽ ተረፈ ላቫጆውን ሲከፍቱ የግቢውን ጥግ አስቆፍረው በሲሚንቶ የተለሰነ ታንከር አሠርተው ነበር። ጥልቀቱ ከሁለት ሰው ቁመት ይበልጣል። አፉ ግን አንድ ሰው ትከሻውን አጥብቦ የሚገባበት ብቻ ነው። የብረት ክዳን አለው፤ ግድግዳው ላይ የተቀበረ የብረት መሰላል አለው። መሰላሉ አጋማሽ ላይ፣ ግንበኛው ለምን እንደተወው ባናውቅም፣ እንደ መደርደሪያ ወጣ ያለ የሲሚንቶ እርከን አለ።

እኔ ያኔ ሃያዎቹን የጀመርኩ ልጅ ነበርኩ። ኤሌክትሪክ ያስተማረኝ ትምህርት ቤት የለም። ሾላ ገበያ ዳር ሸራ ላይ ከሚሸጡ አሮጌ መጻሕፍት እየገዛሁ፣ የተቃጠለ ዲናሞ እየፈታሁ ነው የለመድኩት። ወሬ አላውቅም። ሙሌ ማታ ሊወጣ ሲል «ስንታየሁ ዛሬ ስንት ቃል ተናገረ?» ብሎ ጸዳለን ይጠይቃታል። «ሦስት፤ ሁለቱ ሰላምታ ነው» ትለዋለች። ግን አንድ ነገር እንዴት እንደሆነ በትክክል ካልገባኝ እንቅልፍ አይወስደኝም። ስለዚህ እዚህ ያየሁትን ከሰማሁት እየለየሁ እጽፋለሁ።

እንዳለና ሙሌ ከእንጦጦ ሥር ነው የሚመጡት። አባታቸው እዚያ ገብስና ድንች የሚያመርቱ ገበሬ ናቸው። ወንድማማቾቹ ጠዋት ጠዋት በባሕር ዛፉ መሃል በእግር ይወርዳሉ፤ እንዳለ ከፊት ዝም ብሎ፣ ሙሌ ከኋላ እያወራ። እንዳለ ታናሹን ሥራ ያስቀጠረው ራሱ ነው፤ አባታቸውን «በእኔ ይሁንብኝ» ብሎ ነው ያመጣው። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

የታንከሩ ሥር ደለል ይዞ ውሃው መሽተት ጀምሮ ነበር። ደንበኞች መኪናቸው ከታጠበ በኋላ አፍንጫቸውን ይይዛሉ። ጋሽ ተረፈ ውሃው ወጥቶ ታንከሩ ይጠረግ አሉ። እንደ ወትሮው የሚያወጣው የኤሌክትሪክ ፓምፕ ነው፤ መብራት ግን ከጠዋቱ ሄዷል። ውሃ የሚስብ የቤንዚን ሞተር አለ፤ እሱ ሲነሳ ደግሞ ሰፈሩ ይናወጣል። ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ የእማማ ውድነሽ ባለቤት አርፈው ድንኳን ተተክሏል፤ የድንኳኑ ጎን አጥራችንን ይነካል።

«ከለቀስተኛ ጆሮ ሥር ሞተር አስነስቼ ነገ እማማ ውድነሽን በምን ዓይኔ ነው የማያቸው?» አሉ ጋሽ ተረፈ።

«እንግዲያው ሌላ ቀን ይሁና ጋሼ» አለች ጸዳለ።

«ሌላ ቀን ማለት ውሃው መጥቶ ይሞላል ማለት ነው። ከዚያ ማን ደፍቶ ይጨርሰዋል?»

መላውን ያመጣው ሙሌ ነው። «ጋሼ፣ ሞተሩን እርከኑ ላይ እናውርደው። ክዳኑን ገርበብ እናድርግበት። ከመሬት ሥር ሆኖ ቢጮህ ማን ይሰማዋል? እሱም ከለቀስተኛው ጋር ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያለቅሳል።»

ሳቅን፤ ለቅሶ ቤት እንዳይሰማ አፋችንን ይዘን። ጋሽ ተረፈ ትንሽ አሰቡና «ይሄስ ደግ ነው» አሉ። የተቃወመ የለም። እንዲያውም ጨዋነት መስሎ ታየን። ሞተሩን በገመድ ስናወርድ አንዱን ጫፍ የያዝኩት እኔ ነኝ። ሙሌ መሰላሉ ላይ ቆሞ ተቀበለ፣ እርከኑ ላይ አስተካከለ፣ የውሃ ማውጫ ጎማውን ወደ ውጭ ቦይ ዘረጋን፣ አስነሳና ወጣ። ክዳኑን ገፋ አድርገን ለጎማው የሚበቃ ክፍተት ብቻ ተውን። በእርግጥም ድምፁ የሩቅ ወፍጮ ሆነ። ጋሽ ተረፈ ደስ ብሏቸው ነጠላቸውን አጣፍተው ለቅሶ ሊደርሱ ወደ ድንኳኑ ሄዱ።

እዚህ ላይ አንባቢ እንዲያውቅልኝ የምፈልገው አለ። በር ዘግቶ መኪና ማስነሳት እንደሚገድል ሁላችንም እናውቅ ነበር። አበራ በዚህ ጉዳይ ደንበኛን ተቆጥቶ ያውቃል። ግን የምናውቀው ስለ መኪናና ስለ ቤት ነው። ታንከሩን ቤት ብሎ ያሰበ የለም፤ የውሃ ሞተሩን መኪና ብሎ ያሰበ የለም። የምናውቀው ነገር ጋራዡ ውስጥ ቀረ፣ ሞተሩ ታንከሩ ውስጥ ገባ።

ረፋዱ ላይ ጎማው ውሃ መትፋት አቆመ። ሞተሩ ራሱ ጸጥ አለ።

«ቤንዚን ጨርሶ ነው» አለ ሙሌ። ክዳኑን ገፍቶ ከፈተ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቀለለና ወረደ። እኔ ኮፈኗ የተከፈተ ቶዮታ ላይ አጎንብሼ ነበር፤ ከቆምኩበት የታንከሩ አፍ ይታየኛል። አበራ ከእኔ ይልቅ ለአፉ ቅርብ ነበር፤ ብረት ይሞርዳል። ሙሌ ከታች «ኧረ እዚህ ገላ መታጠቢያ ነው፣ ይሞቃል» ሲል ሰማሁ። ከዚያ ውሃ ሲንቦጫረቅ ሰማሁ።

አበራ አንገቱን አስግጎ ተመለከተ። «ሙሌ?» ፈገግ አለ። «ተው አትቀልድ፣ ተነስ። ሙሌ?»

ሙሌ ቀልደኛ ባይሆን ኖሮ አበራ ያን ያህልም አይቆምም ነበር። ፈገግታው ሲጠፋ አየሁት። ሞረዱን ጥሎ ወረደ።

ቶዮታዋን ትቼ ሮጥኩ። ስደርስ አበራ ታች ደርሷል። ውሃው ከጉልበት በታች ነው። የሙሌን ራስ ከውሃው አውጥቶ ጀርባውን ግድግዳው ላይ አስደገፈው። ቀና ብሎ «ገመድ» አለኝ። ከዚያ መሰላሉን ይዞ መውጣት ጀመረ። እርከኑ አጠገብ ሲደርስ ቆመ። ዓይኑ ወደ እኔ ነው፤ ግን እያየኝ አልነበረም። ጉልበቱ ታጠፈ። ቀኝ ክንዱ በመሰላሉና በግድግዳው መሃል ተቀርቅሮ እዚያው ተንጠለጠለ።

የእኔ እግር የመጀመሪያውን ብረት ረግጦ ነበር። ይህን አልደብቅም፤ ማንም ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ያቆመኝ ከታች ፊቴን የመታው ሙቀት ነው፤ የመኪና ጭስ ማውጫ፣ የማርሚታ ሙቀት። አበራ ማለት የመኪና ካምቢዮ ብቻውን የሚያነሳ ሰው ነው። አበራን የጣለ ነገር እኔን ይምረኛል? እግሬን መለስኩ። ክዳኑን ሙሉ በሙሉ ገፍቼ ወደ ጎን ጣልኩትና ጮህኩ።

«እንዳለ! ጸዳለ! ሰው ወደቀ!»

እንዳለ ከኤንትሬው የጭነት መኪና ሥር ወጥቶ መጣ። እጁ ዘይት ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ወደ ታች አየ። «ሙሌ» አለና እግሩን አስገባ።

ከኋላው ወገቡን ያዝኩት። ሁለታችንም ወደ ኋላ ወደቅን። እሱ ከእኔ በብዙ ይበረታል፤ በክርኑ አፌን መታኝ፣ ደም ቀመስኩ። አልለቀቅኩም።

«ልቀቀኝ! ወንድሜ ነው!»

«አውቃለሁ።»

«አውቃለሁ ትላለህ? ልቀቀኝ አንተ ፈሪ!»

በዚህ መሃል ለቀስተኛው አጥሩን እየዘለለ ደርሷል። ነጠላ ያዘቀዘቁ ሰዎች በዙሪያችን ቆሙ። አንድ ጎልማሳ ኮቱን እያወለቀ ወደ ታንከሩ አመራ። አንድ ሽማግሌ በከዘራቸው ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ።

«አንተ ልጅ፣ ምን ሆነሃል? ወንድሙ ነው፤ ልቀቀው ይውረድ። ወንድም ለወንድሙ ካልደረሰ ማን ይደርሳል?»

በሕይወቴ በሰው ፊት ድምፄን ከፍ ያደረግኩት ያን ጊዜ ነው። «አባባ፣ ሁለት ሰው ገባ፤ ሁለቱም ወደቀ። ሦስተኛው ምን ይዞ ነው የሚገባው?»

ኮቱን እያወለቀ የነበረው ሰውዬ ቆመ። ጸዳለ በሰው መሃል ሾልካ መጣችና ታንከሩ አፍ ፊት ለፊት እጇን ዘርግታ ቆመች። ቀጭን ሴት ናት፤ ቢገፏት ትወድቃለች። «እውነቱን ነው» አለች። «ውስጡ ጭስ አለ። ሞተር ሲሠራበት ነው ያረፈደው። እባካችሁ ወንዶች፣ ይሄን ልጅ ያዙልን። ሌሎቻችሁ ከዚህ ፈቀቅ በሉ፣ አየር ይግባ።»

ሁለት ሰዎች እንዳለን ያዙት። ጋሽ ተረፈ ከድንኳኑ ሮጠው መጥተው ነበር፤ ነጠላቸው ወድቋል። «ምን ልሁን? ምን ልታዘዝ?» አሉኝ። ጌታዬ የሆኑ ሰው፣ እኔን። «ጋሼ፣ በሞባይልዎ እሳት አደጋ ይጥሩ። ከዚያ ዋናው መንገድ ላይ ቆመው ይምሯቸው፤ ጋራዡን አያውቁትም።» ሄዱ።

መብራት ከመሄዱ በፊት የመኪና ጎማ የምንነፋበት ኮምፕረሰር አየር ሞልቶ ነበር። የአየር ጎማውን ስቤ ጫፉን እስከ ታች ለቀቅኩትና ቧንቧውን ከፈትኩ። ጫፉ አየር እየተፋ ከሙሌ ፊት ለፊት ውሃውን ሲያርገበግበው ከላይ ይታያል። ብዙ እንደማይቆይ አውቃለሁ፤ ግን ያለን እሱ ነው።

«ረጅም እንጨት!» አልኩ። አንድ ሰው፣ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅኩም፣ የድንኳኑን ቋሚ ብረት ነቅሎ በአጥሩ ላይ አቀበለን። የሞተር ማንሻውን መንጠቆ ጫፉ ላይ በሽቦ ጠመጠምኩት፤ ሽቦ መጠምጠም ሥራዬ ነው። በሆዴ ተኝቼ፣ ሁለት ሰዎች እግሬን ይዘው፣ መንጠቆውን ወደ አበራ ሰደድኩት። ጫፉ ጀርባው ላይ የቱታውን ቀበቶ ያዘ። ጎተቱ። ክንዱ ከመሰላሉ አልላቀቅ ሲል ገፋሁት፣ ጠመዘዝኩት፤ አጥንት ሲሰበር ሰማሁ። ወጣ።

አበራ መሬት ላይ ሲተኛ ፊቱ ሕይወት ያለው ይመስል ቀላ ብሎ ነበር። ከለቀስተኛው መሃል የነበረች ነርስ ተንበርክካ ያዘችው። ጥቂት ቆይቶ አስመለሰው። ሰው ሲያስመልስ ደስ ብሎኝ አያውቅም ነበር።

ሙሌ ቀረ። ሙሌ ቁምጣ ያህል የተጠቀለለ ሱሪና ካናቴራ ነው የለበሰው፤ መንጠቆ የሚይዘው ነገር የለውም። የመኪና መጎተቻ ገመዱን ቀለበት አድርጌ በብረቱ ጫፍ አወረድኩት። ራሱ ላይ አጠለቅኩ፤ ክንዱ ሥር መግባት አለበት፣ አለዚያ አንገቱን ነው የሚይዘው። አልገባም። ራሴ መዞር ጀመረ፤ እግሬን የያዙት ሰዎች ጎትተው አወጡኝና ኮቱን ያወለቀው ሰውዬ በቦታዬ ተኛ። እሱም ሞከረ። ኮምፕረሰሩ አየር ጨረሰ።

እንዳለ መታገሉን ትቶ ነበር። ተንበርክኮ እጁን ታንከሩ ወዳለበት ዘርግቶ፣ «ገመድ እሰሩብኝና ልውረድ፤ ስንቱ፣ በእናትህ፤ ገመድ እሰርብኝ» ይለኛል። ስንቱ ብሎኝ አያውቅም።

የዚያን ጊዜ ሐሳቤን ደጋግሜ መርምሬዋለሁ። ገመዱ አንድ ነበር፤ እሱም ታች ነው። አየሩ አልቋል። ወርዶ ቢወድቅ እሱንም በመንጠቆ ልናወጣው ነው፤ ሁለቱንም ላናወጣ ነው። «አይሆንም» አልኩት። ከዚያ ዓይኑን ላለማየት ወደ ብረቱ ተመለስኩ።

ቀለበቱ ሙሌ ክንድ ሥር የገባው በኋላ ነው፤ ስንት ጊዜ እንደሞከርን አልቆጠርኩም። ቀስ ብለን ጎተትን። ሙሌ ሲወጣ ከባድ ነበር። ነርሷ ደረቱን እየተጫነች፣ አንድ ደንበኛ ሚኒባሱን አቅርቦ፣ እንዳለ የወንድሙን እግር ይዞ ወደ ሆስፒታል ሄዱ። የእሳት አደጋ መኪና የደረሰው እነሱ ከግቢው ሲወጡ ነው። ከመገናኛ ጀምሮ መንገዱ ተዘጋግቶ ነበር።

አለቃቸው ታንከሩን አየ፤ ሞተሩን አየ፤ አፌ ላይ ያለውን ደም አየ። «ማነው ሌላ ሰው እንዳይወርድ ያገደው?» አለ። ጸዳለ በአገጯ አመለከተችኝ። «የሞተር ጭስ መርዙ አይሸትም» አለኝ። «ሰው ሲደክመው እንጂ ሲመረዝ አያውቀውም። ሦስተኛው ገብቶ ቢሆን አራተኛውም ይከተል ነበር፤ ሁልጊዜ እንዲያ ነው የምናገኛቸው፤ ተደራርበው። ግን አንተም እንደዚያ አፉ ላይ መተኛት አልነበረብህም።» ልክ ነው፤ ያዙልኝ ብዬ እለምናችኋለሁ፣ ያደረግነው ሁሉ አርአያ የሚሆን አይደለም።

አበራ ዳነ፤ ክንዱ ተጠግኗል። ሙሌ በማግስቱ አረፈ።

የቀበርነው እንጦጦ ሥር ባለው የሰፈራቸው ቤተ ክርስቲያን ነው። አባቱ አፈሩ ላይ ቆመው አላለቀሱም፤ እንዳለን ክንዱን ይዘው ነበር፣ እንዳይጠፋባቸው ያህል። ሊያጽናና የቆመው ሰው ሲጨባበጥ እኔም እጄን ዘረጋሁ። እንዳለ አልተቀበለኝም።

«ከልክለኸኛል» አለኝ ቀስ ብሎ። «አብሬው ብሞትስ? የእኔ ጉዳይ ነበር።»

ወደ ኋላ ተመለስኩና ከሰው ጋር ተሰለፍኩ።

ከሰባት ቀን በኋላ ጋራዡ ተከፈተ። ጋሽ ተረፈ ታንከሩ ላይ ድንጋይ አስጭነው «እግዚአብሔር ያለው ሆነ፤ እንግዲህ ምን ይደረጋል» አሉ። ቢሮአቸው ገባሁ። ጸዳለም ነበረች።

«ጋሼ፣ ሞተሩን እዚያ ያወረደው እግዚአብሔር አይደለም። እኛ ነን።»

«እኔን ልትከስ ነው የመጣኸው?»

«አይደለም። እኔም ገመድ ይዣለሁ። የመጣሁት ለሚቀጥለው ነው። ታንከሩ ቁልፍ ይኑረው። ገመድና መንጠቆ አፉ አጠገብ ይሰቀል። ሳይታሰር የሚወርድ አይኑር፤ ከላይ የቆመውም ምንም ቢሆን እንዳይወርድ። ቅዳሜ ቅዳሜ እንለማመድ። ይህ ካልሆነ እኔ እዚህ አልሠራም።»

ጋሽ ተረፈ ጸዳለን አዩ። «ይሄ ልጅ መናገር የጀመረው መቼ ነው?»

«እኔም ከእሱ ጋር እወጣለሁ ጋሼ» አለች፤ ዓይኗን ከደረሰኙ ሳታነሳ።

ሰውየው ክፉ አልነበሩም፤ ተስማሙ። ግን ነገሩን ያጠነከረልን የእማማ ውድነሽ ንግግር ነው። ለሙሌ ለቅሶ ሲደርሱ እኛን ሁሉ ሰብስበው፣ ሞተሩን ለምን እንዳወረድነው ሲሰሙ ራሳቸውን ያዙ።

«በእኔ ምክንያት? የእኔ ሟች እኮ ዕድሜ ጠግበው ነው የሄዱት። ሞተራችሁን ብታስነሱ ምን ልል ኖሯል? አንድ ሰው አጥሩ ላይ ብቅ ብሎ ‹እማማ፣ ትንሽ ይጮህብዎታል› ቢለኝ ምን ነበረበት? ማን ጠየቀኝ?»

ማንም አልጠየቃቸውም። እኔ ይህን ዓረፍተ ነገር በየሥራ ቦታው ግድግዳ ላይ ብሰቅለው ደስ ይለኛል። ይሉኝታችን ውስጥ ሰው የማክበር ነገር አለ፤ አልክድም። ግን ያከበርነውን ሰው ሳንጠይቅ ነው አክብሮታችንን የከፈልነው፤ የከፈለልንም ሙሌ ነው።

ልምምዱ ቀላል አልነበረም። በአሸዋ የተሞላ ጆንያ ታንከሩ ውስጥ አውርደን በመንጠቆ እናወጣለን። ደንበኞች ቆመው ያያሉ። አንዱ «የዚህ ትያትር መግቢያው ስንት ነው?» አለ። አበራ በታሰረ ክንዱ ጆንያውን እያመለከተ፣ «ለአንተ በነፃ ነው፤ ጆንያው ሲደክመው አንተ ትተካለህ» አለው። ሳቅ ሆነ፤ እኛ ግን ቀጠልን። ከጆንያው ይልቅ የከበደው ሌላ ነው፦ ሠራተኛ ለአለቃው «አይሆንም» ማለትን መለማመድ። ጋሽ ተረፈ ራሳቸው እየመጡ «ቶሎ በል፣ ገመዱን ተወው፣ ግባ» ብለው ያዝዛሉ፤ ሠራተኛው «አልገባም ጋሼ» ማለት አለበት። መጀመሪያ ሰሞን ማንም ዓይናቸውን እያየ ሊላቸው አልቻለም። አበራ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነበር የሚላቸው። እስኪለምድ ደጋገምነው።

እንዳለ ከአርባው በኋላ ወደ ሥራ ተመለሰ። በልምምዱ አይገባም። ቅዳሜ ገመድ ስናወጣ መኪና ሥር ይገባና መፍቻ ያንኳኳል። እኔን በሥራ ካልሆነ አያናግረኝም። «ባትሪው ይፈታ»፣ «ይታሰር»፤ ያቺን ታህል። አልለመንኩትም። ገመዱን ግን በየቅዳሜው አወጣሁት፤ ዝናብም ቢሆን፣ ሁለት ሰው ብቻ ብንሆንም።

ዓመት ሞላና ታንከሩ መጠረግ ነበረበት። መብራት እስኪመጣ ጠበቅን። በኤሌክትሪክ ፓምፕ ከላይ ሆነን ውሃውን አወጣን። ክዳኑ ተከፍቶ ነው ያደረው፤ ኮምፕረሰሩ አየር እያስገባ ነው ያረፈደው። ደለሉን ለማውጣት ግን ሰው መውረድ አለበት። ጋሽ ተረፈ ከውጭ ሰው እንቅጠር አሉ። የማናውቀውን ሰው እናውርድ ማለታቸው ነበር።

እንዳለ ከመኪናው ሥር ወጣ። እጁን በጨርቅ ጠረገና ፊቴ ቆመ።

«እኔ ነኝ የምወርደው» አለ።

ገመዱን አነሳሁ። በብብቱ ሥር አዞርኩት።

«ያን ቀን ብትለቀኝ አባቴ ሁለት ልጅ ይቀብር ነበር» አለ፣ አፉ ለጆሮዬ ቅርብ ሆኖ። «ይሄን አውቃለሁ። እያወቅኩም ይቅር ልልህ አልቻልኩም። ሁለቱም እውነት ነው።»

«እሺ» አልኩት።

«አጥብቀህ እሰር።»

አጥብቄ አሰርኩ። አበራና ጋሽ ተረፈ ጫፉን ያዙ፤ እኔ አፉ ላይ ቆምኩ። በተስማማነው መሠረት እየቆየሁ ስሙን እጠራለሁ፤ እሱ ይመልሳል። ድምፁ ቢዘገይ ሳንጠይቅ እንጎትተዋለን። «እንዳለ።» «አለሁ።» ባልዲ ይወጣል፤ ባልዲ ይወርዳል። «እንዳለ።» «አለሁ።» በዚያ ቀን ስሙን የጠራሁትን ያህል ዓመቱን ሙሉ አልጠራሁትም። ጨርሶ ሲወጣ ገመዱን ራሱ ፈታና ጠቅልሎ ቦታው ላይ ሰቀለው። በሚቀጥለው ቅዳሜ መኪና ሥር አልገባም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በየሥራችሁ ጉድጓድ፣ ታንከር፣ መወጣጫ፣ ሽቦ ያላችሁ፦ የእኛ ሰው ለወደቀ ይደርሳል፤ ይህ ደግ ነገር ነው፤ ማንም እንዲያስተወን አልፈልግም። ግን መድረስ የሚጀምረው ሰው ሳይወድቅ ነው። ገመዱን ዛሬ ስቀሉ። ማን እንደሚወርድ ብቻ አትወስኑ፤ ማን እንደማይወርድም ወስኑ። ከላይ የሚቆመው ሰው ፈሪ ቢባል እንዲችለው ቀድማችሁ ንገሩት።

በዚያን ቀን እዚያ የነበራችሁ ሰዎች ካላችሁ ደግሞ የጎደለውን ሙሉልኝ። የድንኳኑን ብረት ያቀበልከው ማን ነህ? ኮትህን ያወለቅከው ወንድም፣ በቦታዬ ተኝተህ ሳለ ሙሌ ሲንቀሳቀስ አይተህ ነበር? ከሁሉ በላይ ደግሞ፦ ሙሌ «ይሞቃል» ካለ በኋላ፣ ከመውደቁ በፊት፣ ሌላ ቃል ተናግሮ ነበር? አበራ «ሲስቅ ሰማሁት» ይላል። እኔ ምንም አልሰማሁም። ከአጥሩ ሥር የተቀመጣችሁ ምናልባት ሰምታችሁ ይሆናል። አዲስ ሠራተኛ በገባ ቁጥር በመጀመሪያው ቀን ታንከሩ አጠገብ አቁሜ ይህን የምነግረው እኔ ነኝ፤ ከታች ምን ዓይነት ድምፅ ሲሰማ መጎተት እንዳለበት ይጠይቀኛል። የምነግረው ልክ መሆን አለበት።